በመርሳ መንገድ ላይ ስለ ዘረጋሁት ቀኝ እጄ

ቀን፦ ሰኔ 14 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለዞኑ እግር ኳስ ፌዴሬሽን የይግባኝ ሰሚ ኮሚቴ
ወልድያ

አመልካች፦ ሉላ በርሀ ፀጋይ፣ የሐብሩ ፍሬ ሴቶች እግር ኳስ ቡድን አማካይ የነበርኩ
አድራሻ፦ ሐብሩ ወረዳ፣ መርሳ ከተማ
መልስ ሰጪ፦ የሐብሩ ፍሬ ስፖርት ክለብ የሥራ አመራር ቦርድ

ጉዳዩ፦ ክለቡ ለታጣቂዎች ቤት ጠቁማለች በሚል ከተጫዋችነት የሰረዘኝ አላግባብ ስለሆነ ውሳኔው እንዲሻር፣ የተጫዋችነት መታወቂያ ቴሴራዬም እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የኮሚቴው አባላት፣

ይህን አቤቱታ የምጽፈው ራሴው ነኝ። ራፖር ጸሐፊ ዘንድ ሄጄ ነበር፤ ነገሬን ግማሽ ድረስ ሰምተው ብዕራቸውን አስቀመጡና «ልጄ፣ ይሄ የኳስ ነው ወይስ የጦርነት?» አሉኝ። ሁለቱም ነው ብላቸው አልችልም አሉ። ስለዚህ የአጻጻፍ ጉድለት ብታገኙ የኔ ነውና በይቅርታ እንድታልፉልኝ እየጠየቅሁ ጉዳዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1. የተወለድኩትም ያደግኩትም መርሳ ነው። አባቴ አቶ በርሀ ፀጋይ ከትግራይ በወጣትነታቸው መጥተው ግራና ከምትባለው ቀበሌ ሽንኩርትና ፓፓያ እየሰበሰቡ በአይሱዙ ወደ ወልድያ የሚልኩ ነጋዴ ነበሩ። እናቴ ወ/ሮ ደብሪቱ የዚሁ የሐብሩ ልጅ ናቸው። እኔ ሁለቱንም ነኝ፤ ይህን የምጽፈው ክርክር ለማንሳት ሳይሆን ክሱ ሁሉ ከአባቴ ስም ስለሚጀምር ነው። ስሜ ሉላ ደብሪቱ ቢሆን ኖሮ ይህ ወረቀት ይጻፍ ነበር ብዬ አላምንም።

2. ኳስ የጀመርኩት ከአስፓልቱ ማዶ ባለው ሜዳ ከወንዶች ጋር ነው። መሀል ሜዳ የገባሁት ጎበዝ ስለነበርኩ አልነበረም። ወንዶቹ ሁሉ ጎል ማግባት ስለሚፈልጉ መሀሉ ሰው አጥቶ ነው። እኔም እዚያው ቀረሁ። አባቴ አንድ ቀን ከሜዳ ሊያወጡኝ ተቆጥተው መጡ፤ ዳር ቆመው እስኪያልቅ አዩና ይዘውኝ ሲመለሱ የተናገሩት «ለፍተሽ ያገኘሽውን ኳስ ወዲያው ለሰው የምትሰጪው ምን ነክቶሽ ነው?» የሚል ብቻ ነበር። ነጋዴ ነበሩና ሊገባቸው አልቻለም። ከዚያ በኋላ ግን በሜዳችን የተደረገ ጨዋታ አላመለጣቸውም፤ የሽንኩርት ጆንያ አንጥፈው እዚያች አንድ ቦታ ላይ ይቀመጡ ነበር።

3. ሐብሩ ፍሬ የሴቶች ቡድን ሲያቋቁም አሰልጣኝ አንዳርጋቸው ከሜዳ መርጠው ከወሰዷቸው ልጆች አንዷ ነበርኩ። ስምንት ቁጥር ማሊያ ሰጡኝ፤ እስከ ተሰረዝኩበት ቀን ድረስ ሌላ ቁጥር ለብሼ አላውቅም። ወልድያ ስታዲየም የዞኑን ውድድር ስናሸንፍ በመሀል ሜዳ ነበርኩ። ለክልል ምርጥ ተጠርቻለሁ። ወደ ሊጉ ስንገባ የቡድኑ ምክትል አምበል ነበርኩ። እነዚህን የምጠቅሰው ለመመጻደቅ አይደለም፤ ክለቡ በውሳኔው ላይ «ለአጭር ጊዜ የተጫወተች» ብሎ ስለጻፈኝ ነው። ጉልበቴ ላይ ያለው ጠባሳ የአጭር ጊዜ አይደለም።

4. አሁን ስለ አንድ የአሰልጣኝ አንዳርጋቸው ሥርዓት እንድትታገሱኝ እለምናለሁ፤ ጉዳዬ በሙሉ የቆመው በእሱ ላይ ነው።

የመርሳ ሜዳ ከአስፓልቱ ጥግ ነው። ከባድ መኪና ሲያልፍ፣ ክላክስ ሲነፋ፣ ደጋፊው ሲጮህ፣ አንዷ ሌላዋን ብትጠራ አይሰማም። አሰልጣኝም መጮህ ከለከሉን። «ስትጮሂ ተቃራኒሽም ይሰማሻል፣ እሷም ጆሮ አላት» ይሉን ነበር። በምትኩ በእጅ መነጋገርን አስተማሩን። ከምልክቶቹ ሁሉ ዋናውን «ጀርባሽ» እንለዋለን። የመስመር ተጫዋች ኳስ ልትቀበል ፊቷን ወደ አማካይዋ፣ ጀርባዋን ወደ ተቃራኒ ጎል ታዞራለች። ከኋላዋ ማን እየመጣባት እንደሆነ አታይም፤ አማካይዋ ግን ታያለች። ያን ጊዜ አማካይዋ ቀኝ ወይም ግራ እጇን ቀጥ አድርጋ ወደ ላይ ታነሳለች፣ ከዚያ ወደ ጎን ዘርግታ ታወርዳለች። ትርጉሙ «ሰው ከጀርባሽ አለ፣ ዞር ብለሽ አትዪ፣ እጄ ባሳየሽ በኩል አሁኑኑ ፈትልኪ» ማለት ነው።

ማሰብ የለም፤ ማየትና መፈትለክ ብቻ። ዞር ብላ ያየች ልጅ ልምምዱን ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ይህን ስንደጋግም ነው ዓመታት ያለፉት። እጄ ሲነሳ እግሯ ቀድሞ የሚሄደው የግራ መስመር ተጫዋቻችን ሳሚራ ሙህዬ ነበረች። ከእሷ ጋር ኳስ ያለ ቃል ነበር የምንጫወተው። ከሜዳ ውጪ ግን አፏ አያርፍም፤ የሽንኩርት ዋጋ ስትነግርሽ እንኳ «ወላሂ» ሳትል ዓረፍተ ነገር አትጨርስም።

5. ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ የኔ ነገር ተለወጠ። ኳስ በነካሁ ቁጥር ከደጋፊው መሀል የሚነሳው ቃል ምን እንደነበር እዚህ አልጽፈውም፤ በዚያ ሜዳ የነበረ ሁሉ ሰምቶታል። አንድ ጊዜ አሰልጣኝ አንዳርጋቸው ጨዋታውን አስቁመው ወደ ደጋፊው ሄዱና «እሷን የምትሰድቡ ከሆነ መሀሉን እናንተ ግቡና ያዙት» አሉ። ሰው ሳቀ፣ ስድቡም ለዚያ ቀን ቆመ። አባቴ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ጆንያቸውን ይዘው አልመጡም። ቅር ብሎኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ለኔ ብለው ነው የቀሩት።

ነሐሴ 2013 ታጣቂዎቹ ወልድያን ይዘው ወደ መርሳ ሲገፉ ከተማው ተተራመሰ። አሰልጣኝ አንዳርጋቸው ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ደሴ ሲወጡ ውርጌሳ አካባቢ መንገድ ላይ በከባድ መሣሪያ ተመተው ሞቱ። ቀብራቸው ላይ ከቡድኑ ማንም አልነበረም፤ መሞታቸውንም የሰማነው ዘግይተን ነው። ስለ ምልክታችን በኃላፊነት ሊመሰክር የሚችለው ሰው እሳቸው ነበሩ።

እኛ አልወጣንም። አባቴ የስኳር ሕመምተኛ ነበሩ፣ በእግር መሄድ አይችሉም ነበር። ጎረቤት «እነሱ ምን አለባቸው፣ ወገኖቻቸው ናቸው የመጡት» እንዳለን ሰምተናል። ወገን የተባሉት በመጡ ሰሞን መጋዘናችንን ሰብረው ያለውን ሽንኩርት ሁሉ ጫኑት። አባቴ በትግርኛ ሊያናግሯቸው ሲሞክሩ «ከእነሱ ጋር እየኖርክ» ብለው ገፍትረዋቸዋል። ወዲህም ወዲያም የማንም አልሆንንም።

6. የተከሰስኩበት ቀን የሆነው የሚከተለው ነው።

ጊዜው ከሰዓት በኋላ ነበር። ቤታችን ከአስፓልቱ ወደ ውስጥ በሚገባው ኮረኮንች መንገድ ላይ ነው። በራችን ላይ ቆሜ ቁልቁል ሳይ፣ በቀኜ በኩል አንድ ጠባብ መንገድ ወደ ብርቱካኑ አትክልት ይገባል። በዚያ መንገድ መግቢያ ላይ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር አለ። የአቶ አብዱልሐሊም ቤት ነው። አቶ አብዱልሐሊም ሳሚራን ከልጅነቷ ያሳደጓት አጎቷ ናቸው፤ ቀድሞ ሚሊሻ ስለነበሩ በዚያ ሰሞን ከቤት አይወጡም ነበር።

ሳሚራ ከታች ውኃ ቀድታ ቢጫ ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ ሽቅብ ወደ እኔ አቅጣጫ ትመጣ ነበር። ውኃ ለማግኘት ሰው ከጠዋት ጀምሮ ይሰለፍ እንደነበር ታውቃላችሁ። ተከናንባለች፣ አጎንብሳለች። ከኋላዋ ካለው መታጠፊያ ታጣቂዎች ሲወጡ አየሁ። አንዱ ወደ እሷ እያሳየ ለጓደኛው አንድ ነገር ሲናገር አየሁ። በዚያ ሰሞን ወጣት ሴት ብቻዋን መንገድ ላይ ስትገኝ ምን እንደሚከተል ለኮሚቴው መዘርዘር ያለብኝ አይመስለኝም፤ የሰፈራችን እናቶች ያውቁታል።

ሳሚራ ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ልጠራት አልቻልኩም። ቀኝ እጄን አነሳሁ፣ ወደ ጎን ዘርግቼ አወረድኩ።

ምን ላድርግ ብዬ አላሰብኩም። አማካይ ባዶ ቦታ ነው የምታየው፤ እኔም ያየሁት ጠባቡን መንገድና ከሱ ወዲያ ያለውን የብርቱካን ጥላ ብቻ ነው። የማን በር እዚያ እንዳለ በዚያች ቅጽበት በሐሳቤ አልነበረም። ሳሚራም አላሰበችም። እንደተማርነው ዞር ሳትል ጀሪካኑን ከጀርባዋ ወረወረችና በግራዋ ፈተለከች። በሜዳ ላይ ቢሆን ተጨብጭቦላት ነበር። መንገድ ላይ ግን ቀስ ብላ ሄዳ ቢሆን ይሻል ነበር፤ የሚሮጥ ሰው ዓይን ይስባል፣ ምልክታችን ግን ቀስ ማለትን አያውቅም። ታጣቂዎቹም እየሮጡ ተከትለዋት ወደ ጠባቡ መንገድ ገቡ። እዚያ የገባች መስሏቸው ሰማያዊውን በር ሰብረው ሲገቡ የአቶ አብዱልሐሊምን ድምፅ ሰማሁ። ይዘዋቸው ወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አቶ አብዱልሐሊምን ያየ ሰው የለም። ሳሚራ በአትክልቱ በኩል ወጥታ በእግሯ ደቡብ ወረደች።

7. ይህን ሁሉ ጎረቤታችን ወ/ሮ ወርቅነሽ በመስኮት አይተዋል። ያዩት ግን በግማሽ ነው። እኔ በራችን ላይ ቆሜ እጄን ወደ አብዱልሐሊም በር ስዘረጋ፣ ወዲያው ታጣቂዎቹ ወደዚያው ሲታጠፉ አይተዋል። እትዬ ወርቅነሽ አልዋሹም። የበርሀ ልጅ እጇን ወደ ሰው ቤት ስትዘረጋ ያየ ሰው፣ በዚያ ሰሞን ሌላ ምን ብሎ ይተርጉመው? እኔም በእሳቸው መስኮት ብቆም እንዲሁ እል ነበር።

8. ኅዳር 2014 የስኳር መድኃኒት ከከተማው ጠፍቶ አባቴ አረፉ። ለቀብር የመጣው ሰው ጥቂት ነበር። እድር የለም፣ ድንኳን የለም፤ የሬሳ ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ የእትዬ ወርቅነሽ ባለቤት አቶ ዘውዱ ነበሩ። ይህን አልረሳውም።

ታኅሣሥ ላይ ከተማው ሲለቀቅ ሕዝቡ በደስታ ወጣ። እኔም ወጣሁ። ደስታዬ እውነት ነበር፤ ነገር ግን ሳምንት ሳይሞላ «ጠቋሚ» ተብዬ ተያዝኩ። እስከ የካቲት ድረስ ታስሬ ተመረመርኩ። እጅሽን ለምን ዘረጋሽ ሲሉኝ ለጓደኛዬ ምልክት ሰጠሁ አልኩ። ጓደኛሽ ማን ናት ሲሉኝ ዝም አልኩ። ስሟን ባወጣ የአቶ አብዱልሐሊም ቤተሰብ ምን እንደሚያስብ ገብቶኝ ነበር፤ በዚያ ጊዜ ሰውዬው ይመለሳሉ ብለው ገና በር በሩን ያዩ ነበር። በመጨረሻ ማስረጃ አልተገኘብሽም ተብዬ ወጣሁ። ጉዳዬ ተጣርቶ መለቀቄን የሚገልጸውን ወረቀት ከዚህ ጋር አያይዣለሁ።

9. መጋቢት ላይ ቡድኑ ልምምድ ሲጀምር ታኬታዬን ይዤ ሄድኩ። የክለቡ ሊቀመንበር አቶ ኢሳቅ ሜዳው በር ላይ አስቆሙኝና «ሉላዬ፣ እኔ በግሌ የተባለውን አላምንም፤ የሕዝቡ ስሜት እስኪበርድ ታገሺ» አሉኝ። ታገሥኩ። ሳሚራ ከደሴ ተመልሳ ልምምድ ስትጀምር በአጥር በኩል አየኋት፤ አላየችኝም ወይም እንዳላየች ሆነች። ሚያዝያ ላይ መሰረዜን በጽሑፍ ሰጡኝ፤ ቴሴራዬንም ያዙት፣ መልቀቂያም ከለከሉኝ። ስለዚህ ሌላ ክለብ ቢፈልገኝም መሄድ አልችልም፤ የሚፈልገኝ ደግሞ አለ፣ የዝውውሩ ጊዜ ግን ክረምቱ ሳያልቅ ይዘጋል። ዕድሜዬና ጉልበቴ ሌላ ዓመት ቁጭ ብለው የሚጠብቁኝ አይደሉም። አንድ ወቅት ውጪ ከቀረሁ ኳስ በእኔ በኩል አለቀ ማለት ነው።

እናቴ በዚህ ጊዜ ተቆጡኝ። እሳቸው የሚቆጡት እህል እየለቀሙ ነው። «አንቺ ለእሷ ብለሽ ዝም ስትይ እሷ ሜዳ ላይ ናት፤ አንቺ ከኔ ጋር ምስር ትለቅሚያለሽ። ይሄ ጓደኝነት ነው?» አሉኝ። ለቦርዱ እንዲታይልኝ አመለከትኩ፤ ግንቦት ላይ ተሰበሰቡ፤ እዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ምልክቱን የሰጠሁት ለሳሚራ ነው ብዬ ስሟን ጠራሁ።

10. ስለዚያ ስብሰባ ሦስት ነገር እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ።

አንደኛ፣ እትዬ ወርቅነሽ ሲመሰክሩ አንዲት የተከናነበች ልጅ ጀሪካን ጥላ በሰማያዊው በር ፊት ሮጣ እንዳለፈች ተናግረዋል። ማን እንደሆነች አልለየሁም ብለዋል። አቶ ኢሳቅ «እሱን ተይው እናቴ፣ የእጁን ንገሪን» አሏቸውና ታለፈ። ስብሰባው ሲበተን እትዬ ወርቅነሽ ውጪ ጠብቀው እጄን ይዘው «ልጄ፣ በማርያም፣ ካየሁት ሌላ አንድ አልጨመርኩም» አሉኝ። አውቃለሁ አልኳቸው። አለቀሱ፣ እኔ አላለቀስኩም።

ሁለተኛ፣ ስለ ምልክቱ ሳስረዳ፣ ተነስቼም ሳሳይ፣ ከቦርዱ አንዱ «ይሄ የሜዳ ጨዋታ ነው፣ እኛ የምናወራው ሰው ስለጠፋበት ጉዳይ ነው» ብለው አስቀመጡኝ። በረኛችን ወርቅዬ ኋላ ተቀምጣ ነበር። እጇን አውጥታ ለመናገር ብትጠይቅ ጊዜ የለም ተባለች። ከዚያ ቡድን ማንኛዋንም ልጅ ከእንቅልፏ ቀስቅሳችሁ ያን እጅ ብታሳዩአት «ጀርባሽ» ትላችኋለች፤ ማንም አልተጠየቀችም።

ሦስተኛ፣ ሳሚራ ተጠራች። ተነስታ የተናገረችው ይህ ነው፦ «ውኃ ይዤ ስመጣ ልቤ ፈራ፣ ሮጥኩ። ከኋላዬ ሰው መኖሩን አላወቅኩም። የሉላንም እጅ አላየሁም።» ከዚያ ተቀመጠች። ወለሉን እያየች ነበር የተናገረችው። «ወላሂ» አላለችም። ሳሚራን ካወቅኳት ጀምሮ ወላሂ ሳትል ንግግር የጨረሰችው ያን ቀን ብቻ ነው። ቦርዱ ይህን ሊያውቅ አይችልም፤ እኔ ግን አውቃለሁ፣ ለማስረጃ እንደማይሆንም አውቃለሁ።

11. ለምን እንዲህ እንዳለች ገብቶኛል። ከፊት ለፊቷ የአቶ አብዱልሐሊም ባለቤት ጥቁር ለብሰው ተቀምጠው ነበር። ሳሚራ የሉላን እጅ አየሁ ካለች፣ ታጣቂ ከኋላዋ መኖሩን እያወቀች ባሳደጓት ሰው በር ፊት ሳታንኳኳ አለፈች ማለት ይሆናል። ይህን በዚያች ሴት ፊት ቆሞ መናገር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አልጠፋኝም። እንደኔ ከሆነ ጥፋት የለባትም፤ ብታንኳኳ ሁለቱም ያልቁ ነበር፤ ደግሞም የተማረችው ዞር እንዳትል ነው። በእሷ ቦታ ብሆን ምን እንደምል አላውቅም።

ቢሆንም ተናድጃለሁ፤ ይህን ከኮሚቴው አልደብቅም። ሌሊቶቼንም ቀኖቼንም በልቶብኛል። እስር ቤት ለስሟ ብዬ ዝም አልኩ፤ እሷ ደግሞ ለአንድ ቃል አልሆነችልኝም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሜዳው የሚመጣው ጩኸት ቤታችን ድረስ ይሰማል። ስሟን ሲጠሩ ኳስ ደረሳት ማለት ነው፤ ማን አቀበላት ብዬ አስባለሁ። እናቴ ያን ጊዜ ሬዲዮውን ከፍ ያደርጉታል።

12. ስለዚህ የተከበረው ኮሚቴ የሚከተለውን እንዲወስንልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ሀ) ጉዳዬ ተጣርቶ የተለቀቅሁ በመሆኔ የክለቡ ውሳኔ ተሽሮ ቴሴራዬ እንዲመለስልኝ፤ ክለቡ ሊያጫውተኝ ካልፈለገ የዝውውሩ ጊዜ ሳይዘጋ መልቀቂያዬን እንዲሰጠኝ።

ለ) ወርቅዬና ሌሎች የቡድኑ ተጫዋቾች ለየብቻ ተጠርተው ቀኝ እጅ ወደ ላይ ተነስቶ ወደ ጎን ሲወርድ ምን ማለት እንደሆነ እንዲጠየቁ። አስቀድሜ ከማንኛቸውም ጋር አልተነጋገርኩም፤ ብነጋገርም የሚለወጥ ነገር የለም።

ሐ) ሳሚራ ሙህዬ እንደገና እንድትጠራ። ስትጠራ ግን በአዳራሽ፣ በሕዝብ ፊት፣ ከሁሉ በላይ በአጎቷ ባለቤት ፊት እንዳይሆን። በር ተዘግቶ፣ ከእናንተ መሀል አንድ እናት የሆነች ሰው ብቻዋን እንድታነጋግራት እለምናለሁ። ስለ እኔ አንዳች እንዳትጠይቋት፤ ጠቁማለች ወይ፣ ምልክት ሰጥታለች ወይ፣ ታውቂያታለሽ ወይ የሚል ይቅር። የሚጠየቀው አንድ ብቻ ይሁን፦ ከጠዋት ተሰልፈሽ የቀዳሽውን የሞላ ጀሪካን ምን አይተሽ ጣልሽው?

መልሷ የትኛውም ቢሆን እሷ ከሜዳ እንድትወጣ አልጠይቅም፤ እንዳታወጧትም እለምናለሁ። ግራ መስመሩን እንደ እሷ የሚይዝ በዞኑ የለም።

13. ለአቶ አብዱልሐሊም ቤተሰብ ይቅርታ ለመጠየቅ ሦስት ጊዜ ያህል ሰማያዊው በር ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም፤ ጠቁመሻል የሚለውን ብክድ የቀረውን እንዴት አድርጌ እነግራቸዋለሁ? በሩ ላይ የሰበሩት ቦታ በአዲስ ቆርቆሮ ተለጥፏል፤ ቀለሙ ገና አልተቀባም። ይህ ጉዳይ ከእናንተ ሥልጣን ውጪ ስለሆነ ለእኔና ለእነሱ ይቀራል።

በእናንተ ሥልጣን ሥር ያለው ግን ይህ ነው። በተጫወትኩበት ዘመን ብዙ ኳስ አቀብያለሁ፤ ከሁሉ የሚበልጠውን ያቀበልኩት ኳስ በሌለበት መንገድ ላይ ነው፣ ደርሷትም ድናበታለች። ሳሚራ የሉላን እጅ አላየሁም ብላለች። ባታየው ኖሮ፣ በዚያ አዳራሽ ተነስታ አላየሁም የምትል ሳሚራ አትኖርም ነበር።

የኮሚቴውን ውሳኔ በተስፋ እየጠበቅሁ፣ ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ሉላ በርሀ ፀጋይ
አማካይ፣ ስምንት ቁጥር

አባሪ፦ ተመርምሬ የተለቀቅሁበት ወረቀት

ግልባጭ፦
ለሐብሩ ፍሬ ስፖርት ክለብ የሥራ አመራር ቦርድ፣ መርሳ
ለተጫዋች ሳሚራ ሙህዬ፣ ራሴ ይዤላት የምሄድ